ልጁን ለሲጋራ አትላኩት



ታዳጊው ከሲጋራ ጋር የሚተዋወቀው የት ነው? ብዙዎቻችን መጥፎ ጓደኛን እንወቅሳለን። ይሁንና «ሮጥ ብለህ አንድ ፍሬ ሲጋራ ግዛልኝ» ብሎ ለሕፃኑ ብር የሚያስጨብጠው ብዙ ጊዜ የቤቱ ታላቅ፣ አንዳንዴም ለበርጫ የመጣ እንግዳ ነው። ልጁ ሱቁንም፣ ዋጋውንም፣ ሽታውንም የሚለምደው ያኔ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ በፍሬ መቸርቸርንም፣ ሺሻንም፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም እንዲሁ። የፍሬው መከልከል ቀላል ነገር አይደለም፤ ፓኬት ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ አንዲት ፍሬ መግዛት አያቅተውምና።

«ጢስ የለውም፤ የፍራፍሬ ቃና ነው» እየተባለ የሚቀርበው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ቢሆን በአብዛኛው ኒኮቲን አለበት። ኒኮቲን ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ቶሎ ለሱስ ይዳርጋል። ከውጭ አገር የምትመጡ ዘመዶች ለወጣቶቹ በስጦታ መልክ እንዳታመጡላቸው አደራ።

መምህራንም ሲያጨስ ያገኙትን ተማሪ ከትምህርት ገበታ ለማባረር አይቸኩሉ፤ የተባረረው ልጅ ቀኑን የሚውለው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ነው። አስቀድመው ወላጁን ይጥሩ፤ በአጥሩ ሥር በፍሬ የሚቸረችረውንም ሰው ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሄደው ያነጋግሩ።