በሥዕል ስለ ተጻፈ አንድ የሕይወት ታሪክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት «ፐርሴፖሊስ» የተባለውን መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን አንብበናል። ደራሲዋ ወይዘሮ ማርጃን ሳትራፒ በኢራን ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ፣ የልጅነት ታሪካቸውን የተረኩት በጽሕፈት ብቻ ሳይሆን በጥቁርና ነጭ ሥዕል ጭምር ነው። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ መታተም የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ያነበብነው የእንግሊዝኛውን ትርጕም ነው።

ሥዕሉን ያዩ አንዳንድ ሰዎች «ይህስ የሕፃናት ማጫወቻ ነው» ብለውናል። ነገር ግን በሥዕል ታሪክ መተረክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ፣ ሸራውን በትንንሽ ክፍል ከፍለው ተራ በተራ የሚሥሉ ሠዓልያን አሉን፤ ፊደል ያልቈጠረም ሰው ያነበዋል።

የኢራን ሕዝብ በየካቲት 1971 ዓ.ም. የሻሁን መንግሥት ሲጥል፣ በመጽሐፉ ማርጂ የምትባለው ሕፃን ገና አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር። የእኛ አገር አብዮት የፈነዳው 5 ዓመት ቀደም ብሎ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነውና፣ የወሩ መግጠም እንኳ አስደንቆናል። በዚያም ንጉሥ ወረደ፤ ሕዝቡ ተደሰተ፤ እስር ቤቱም ብዙ ሳይቈይ እንደ ገና ሞላ። በሻሁ ዘመን ለዓመታት ታስሮ የነበረው የማርጂ አጎት በአዲሱ መንግሥት ተገደለ። ከዳቦ የሠራላት ወፍ በእጅዋ ቀረች። ሆኖም መጽሐፉ ሁልጊዜ አያስለቅስም፤ አንድ ጎረቤት የሚስቱን የቈየ የጕንጭ ምልክት ጥይት የነካት አስመስሎ ሲያወራ ብዙ ስቀናል። እንዲህ ያለው አርበኛ በየአገሩ ሳይኖር አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የቈየንበት ስለ ጦርነቱ የሚናገረው ክፍል ነው። ኢራቅ በመስከረም 1973 ዓ.ም. ኢራንን ከወረረች በኋላ ውጊያው ስምንት ዓመት ያህል ዘለቀ። አንድ ቀን ሚሳይል የጎረቤቶቻቸውን ቤት አፈረሰ፤ ማርጂም በፍርስራሹ መካከል የጓደኛዋን አምባር አየች። ቀጥሎ ያለው ሥዕል ጥቁር ብቻ ነው። ሰው የለበትም፤ የሚያለቅስ ፊት እንኳ የለበትም። ከክፍላችን ልጆች አንዷ እዚያ ስትደርስ መጽሐፉን ዘግታ ለሁለት ቀን አልከፈተችውም።

በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ መጽሐፍ ክፉውን በዓይኑ መለየት አይቻልም፤ ማርጂ ሰውን የምታውቀው በሥራው ነው። ወይዘሮ ሕይወት ተፈራም «ማማ በሰማይ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ አብዮቱ ዘመን ሲተርኩ ያሳዩን ይህንኑ ነው፤ ይወዱት የነበረው ወጣት ጌታቸው ማሩ የሞተው በደርግ እጅ ሳይሆን በራሱ ድርጅት እጅ ነበር።

ወላጆቻችን ሆይ፤ የ1966ቱን አብዮት አያቶቻችን፣ የ1977ቱን ረኃብ እናንተ በልጅነታችሁ አይታችኋል። ስንጠይቃችሁ ግን «ተዉት፣ ልጆቼ» ትሉናላችሁ። የከተማችን ስም መካነ ሰላም ቢሆንም፣ እኛም ስለ ጦርነት ሳንሰማ ያደግን ልጆች አይደለንም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ ስትያዝ ክፉና ደጉን እናውቅ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት በቦረናም፣ በሳይንትም፣ በወግዲም ያላችሁ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ያያችሁትን እንድትነግሩን እንለምናለን። ከመካከላችን መሣል የሚችሉ አሉ። ወረቀቱንና እርሳሱን እኛ እናመጣለን፤ ለመናገር የሚከብዳችሁ ቦታ ላይ ስትደርሱ ያንን ክፍል በጥቁር እንሞላዋለን።