ክትባቱ ያልሠራላት ጫጩት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ በምግብ አዳራሽ ያገኘኝ ሁሉ «ወጡ መቼ ይደርሳል?» እያለ ይጠይቀኛል። ወጡ አይደርስም። እኔ ዛሬ የምናገረው ከዐሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልት ስላልተቆጠረች አንዲት ትንሽ ከረጢት ነው። ባለሙያ ሴቶች ባያውቋት አይፈረድባቸውም፤ ዶሮዋ ለወጥ በምትደርስበት ዕድሜ ከረጢቷ ሟሽሻ ልትጠፋ ትቃረባለች።

አስቀድሜ ግን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። አክስቴ ሃያ የአርባ አምስት ቀን ቄቦች ገዝታ ነበር። የፈንግል ክትባት የተከተቡ ናቸው ተብላለች። ሁለት ወር ሳይሞላ በመንደሩ ፈንግል ገባና አራት ብቻ ተረፉላት። እርሷም «መድኃኒቱ ውኃ ነው» ብላ ፈረደች። ጎረቤቶቿ ይህን ሰምተው፥ ክትባት የሚሰጠው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በራቸውን ዘጉበት። ልጁን አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ፤ ክትባቱን በበረዶ ይዞ፥ ቀኑን ጠብቆ እንደሰጠ ምሎ ነገረኝ። ክትባት በሙቀት እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልጁም እውነቱን ነው፤ ክትባቱም ደኅና ነው፤ ጫጩቷ ግን ልትቀበለው አትችልም፤ ይህ ሊሆን ይችላልን? ይችላል።

ከረጢቷ ከዶሮዋ ጅራት ሥር፥ ከኩሷ መውጫ በላይ ትገኛለች። ስሟም ፋብሪሲየስ ከተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ የመጣ ነው። እርሱ የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1621 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሥራዋ ምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ምስጢሩን የፈቱት እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ የተባለ ተማሪ ከጫጩቶች ላይ ከረጢቷን እየቆረጠ ያወጣ ነበር፤ ጫጩቶቹም ምንም አልሆኑም። ባልንጀራው ቲሞቲ ቻንግ ደግሞ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን አንቲቦዲ ለክፍል ተማሪዎች ለማሳየት ዶሮ ቸግሮት ከግሊክ ተዋሰ። የሳልሞኔላ መርፌ ወጋቸው፤ አንቲቦዲ ግን አልወጣም። ትምህርቱ ከሸፈ ማለት ነው። ሁለቱ ሲመረምሩ አንቲቦዲ ያልሠሩት ከረጢታቸው የወጣባቸው ሆነው ተገኙ! ጽሑፋቸውን «ሳይንስ» የተባለው ታላቅ መጽሔት አልቀበልም አለ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የዶሮ እርባታ መጽሔት አወጣላቸው። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ የሚያጠኑት የ«ቢ» ሕዋስ ስም የመጣው «ቡርሳ» ከምትባለው ከዚህች ከረጢት ነው። (የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ዶሮን ሲንቁ ይህን ያስታውሱ።)

ግሊክ በቢላዋ ያደረገውን አንድ ቫይረስ ያለ ቢላዋ ያደርገዋል። በሽታው በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት ጉምቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ታየና ስሙ ጉምቦሮ ሆኖ ቀረ። በ1962 ኮስግሮቭ ሲጽፍበት የሞቱት ዶሮዎች ኩላሊት አብጦ ስላየ የኩላሊት በሽታ መሰለው። ዋናው ጉዳት በከረጢቷ ላይ መሆኑ ተለይቶ ሲታወቅ፥ በ1970 ሒችነር ተላላፊ የቡርሳ በሽታ እንዲባል ሐሳብ አቀረበ።

ቫይረሱ በሦስትና በስድስት ሳምንት መካከል ያሉትን ጫጩቶች ሲይዝ በግልጥ ያሳምማቸዋል። ላባቸው ይቆማል፤ ኩሳቸው ነጭና ውኃ ይሆናል፤ የኋላቸውን ይነክሳሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ። ከረጢቷ በአራተኛው ቀን እጥፍ ትሆናለች፤ በስምንተኛው ቀን ግን ከቀድሞ ክብደቷ ሢሶው ብቻ ይቀራል። ከሦስት ሳምንት በታች ያሉትን ሲይዝ ግን ምንም አይታይም። ጫጩቷ ትበላለች፤ ትሮጣለች፤ ገዥም ደስ ብሎት ይገዛታል። በ1974 እ.ኤ.አ. ፋራገርና ጓደኞቹ እንዳሳዩት፥ በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱ የያዛት ጫጩት ለፈንግል ክትባት የምትሰጠው መልስ እጅግ ደካማ ነው። በሰባተኛው ቀን የተያዘችው መካከለኛ ነች፤ በ14ኛው ወይም በ21ኛው ቀን የተያዘችው ግን ብዙም አትጎዳም።

ታዲያ ለጉምቦሮ ራሱ ክትባት የለውምን? አለው። ችግሩ ቀኑን ማግኘት ነው። እናቲቱ ዶሮ በአስኳሉ በኩል ለልጇ አንቲቦዲ ታወርሳለች፤ ይህ ውርስ በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ውርሱ ሳያልቅ ብንከትብ ክትባቱን ያጠፋብናል፤ ብንዘገይ ደግሞ በጉዝጓዙ ውስጥ የተደበቀው ቫይረስ ይቀድመናል። ሆላንዶች በዴቬንተር ከተማ ያዘጋጁት ስሌት የጥቂት ጫጩቶች ደም ተለክቶ ቀኑ እንዲቆረጥ ያደርጋል። በመጠጥ ውኃ ሲሰጥም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ስለሚገድለው ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ይጨመርበታል። ጠርጎ መገላገል ቢቻል መልካም ነበር፤ ነገር ግን ቤንተንና ጓደኞቹ በ1967 እንዳገኙት ቫይረሱ በሽታ በነበረበት ቤት 122 ቀን፥ በመኖና በኩስ ውስጥ ደግሞ 52 ቀን ይቆያል።

በአገራችን በሽታው በደብረ ዘይት፥ ማለት በዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ በ2002 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ጥናቱ በ2005 ታትሟል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች እጅግ ብርቱው ዓይነት በመካከላችን እንዳለ አሳይተዋል።

የአክስቴ ቄቦች ጉምቦሮ ነበረባቸው አልልም። ማንም ከፍቶ አላየማቸውም፤ ጅብ በላቸው። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ዶሮ ሲሞት እንጥላለን፤ ከዚያም ክታቢውን እንከሳለን። ክርክሩ ግን ያለ ከረጢቷ አይፈታም።

ስለዚህ ከጥቂት ጓደኞች ጋራ ተስማምተን፥ ከዚህ አካባቢ አርቢዎች የሚሞቱትን ጫጩቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መክፈት እንጀምራለን። ሬሳ የሚያመጣ በላስቲክ አጥብቆ አስሮ ያምጣ፤ ጫማውንም ይጠብ። የጫጩቷን ክብደት የምንመዝንበት ሚዛን አለን፤ ለከረጢቷ ግን ከግራም በታች የሚለካ ያስፈልገናል። የኬሚስትሪ ክፍል መምህራን እዚህ መቀመጣቸውን አይቻለሁና ያውሱን ዘንድ እለምናለሁ፤ አጥበን እንመልሳለን።