ደዋዩም ድርሻ አለው

 

ከአቡ ዳቢም ከአል ዐይንም የመጣችሁ ወላጆች ይህን የምረቃ ቀን ያያችሁት በላባችሁ ነው። ስለዚህ በረጅም ምክር አላደክማችሁም፤ የያዝኩት ጉዳይ አንድ ነው፤ እየነዳን ስለምንነካው ስልክ።

ከእናንተ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ታወጣላችሁ። ከአቡ ዳቢ አል ዐይን የሚወስደው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ በመሆኑ ሰውን ያዘናጋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ይሄዳል። የገባለትን መልእክት ለማንበብ ለሦስት ሴኮንድ ዐይኑን ወደ ስልኩ ካዞረ፣ አንድ የኳስ ሜዳ ሙሉ ሳያይ ነዳ ማለት ነው።

ወላጆች ዲያብ ዐዋናን ታስታውሱት ይሆናል። በ2011 ከሊባኖስ ጋር በተደረገ ጨዋታ ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ ፍጹም ቅጣት ምትን በተረከዙ ያስቆጠረው የባኒ ያስ ክለብና የኤምሬትስ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 25 አቡ ዳቢ ውስጥ መኪናው ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ፣ በ21 ዓመቱ ሞተ። ያኔ ስልክ እየተጠቀመ እንደነበር ተዘግቧል።

ብዙም ሳይቆይ፣ በኦክቶበር፣ የብላክቤሪ ስልኮች የመልእክት አገልግሎት ለቀናት ተቋረጠ። በዚያ ሳምንት የትራፊክ አደጋ በዱባይ 20 በመቶ፣ በአቡ ዳቢ ደግሞ 40 በመቶ እንደቀነሰ ተዘገበ፤ የፖሊስ ኃላፊዎችም ምክንያቱ የስልኩ ዝም ማለት እንደሆነ ተናገሩ። በዲያብ ሞት ደንግጦ የተጠነቀቀም ይኖራል። ቢሆንም መንገዱም ሹፌሩም ያው ነበሩ።

ዛሬ ስልክ ይዞ መንዳት 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል። ከ2021 ጀምሮ የአቡ ዳቢ ፖሊስ ካሜራዎች ስልክ የያዘውን ሹፌር ራሳቸው ይለያሉ። ካሜራው ግን የደወለውን ሰው አያይም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ደሴ ያለች እናት ልጇ መንገድ ላይ ይሁን ሥራ ላይ አታውቅም፤ ናፍቆት ሲብስባት ትደውላለች። ልጁ ስክሪኑ ላይ «እማዬ» የሚለውን ሲያይ ሆዱ ይባባል። መርዶ ቢሆንስ? ታማ ቢሆንስ? ካላነሳሁ ታስባለች ይላል። በሰው አገር የኖረ ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ስለዚህ ያነሳል፤ «ስፒከር ላይ ነው» ብሎም ራሱን ያጽናናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እየነዱ ስልክ መጠቀም የመጋጨትን ዕድል አራት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር፣ እጅ ነፃ መሆኑም ብዙ እንደማያድን ይናገራል። እጁ ነፃ ቢሆንም ሐሳቡ ደሴ ነው።

ለዚህ ነው እዚህ ላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን አንድ ሐሳብ የማቀርበው። በየዓመቱ የአንድ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ እናቋቁም። አሸናፊው በድርሰት ብቻ አይመረጥ፤ ጥሩ ጽፎ እየነዳ መልእክት የሚመልስ ተማሪ አያስፈልገንም። ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ይሰጠው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ አጫጭር የድምፅ መልእክት ያዘጋጅ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሄዶ ያስተምር፤ በየቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አገር ቤት ድረስ ይላክለት። መልእክቱም ቀላል ነው፦ ስትደውሉ ከሰላምታ በፊት «እየነዳህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ካለ፣ ሳትቀየሙ ዝጉት።

ፖሊስ ደሴ ያለችውን እናት ሊመክር አይችልም። እናንተ ትችላላችሁ፤ ቋንቋዋን ታውቃላችሁ፤ ቃላችሁንም ትሰማለች።

ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ የማኅበራት መሪዎች፤ አቅማችሁ የፈቀደውን አዋጡና የመጀመሪያው ተሸላሚ በሚቀጥለው ምረቃ እዚህ መድረክ ላይ ይቁም። ተመራቂዎች፤ ከአዳራሹ ሳትወጡ ለዚህ ሥራ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ማታም ለእናቶቻችሁ ደውላችሁ ይህን ንገሯቸው።