አንድ ወጥ መብት ሲከለከል፤ የአውሮፓ ፓተንት በየአገሩ ስለሚጸናበት ሥርዓት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከላይ ሲያዩት የቀንና የወር ቆጠራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የፈጠራ ባለቤት በአንድ አገር ያለውን መብት ጨርሶ ሊያጣበት የሚችል ቆጠራ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ1973 በሙኒክ የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት ምርመራውን በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲጠቃለል ያደረገ ቢሆንም፣ የተሰጠው ፓተንት ግን ወዲያው ወደየአገሩ መብትነት ይከፋፈላል። ባለመብቱ በሚፈልጋቸው አገሮች፣ እንደየአገሩ ሕግ ትርጉም አቅርቦና ክፍያ ፈጽሞ ሊያጸናው ይገባል። ለዚህም የተለመደው ጊዜ የፓተንቱ መሰጠት በመጽሔት ከታወጀበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ነው። እንደ ጀርመንና ፈረንሳይ ያሉት ትርጉም ስለማይጠይቁ በእነርሱ ዘንድ ነገሩ ቀላል ነው።

ከጁን 1 ቀን 2023 ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ባለመብቱ በአንድ ወር ውስጥ ከጠየቀ ፓተንቱ በብዙ አገሮች አንድ ወጥ ውጤት ያገኛል፤ መጀመሪያ 17 የነበሩት አገሮች በ2024 ሩማንያ ስትገባ 18 ሆነዋል። ስፔይንና ክሮኤሽያ ከመነሻውም በዚህ ትብብር ውስጥ ስላልገቡ በእነርሱ ዘንድ ምንጊዜም የቀድሞው ሥርዓት ይሠራል።

ጥያቄው የሚከለከለው በምን ምክንያት ነው? ወሩ ሲያልፍ፣ የሚፈለገው ትርጉም ሳይቀርብ ሲቀር፣ ወይም ፓተንቱ በትብብሩ ውስጥ ላሉት 25 አገሮች ሁሉ በተመሳሳይ የመብት ወሰን ያልተሰጠ ሲሆን ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የማልታ ጉዳይ ነው። ማልታ የሙኒኩን ስምምነት የተቀላቀለችው በማርች 1 ቀን 2007 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት በገባ ማመልከቻ ልትጠቀስ አትችልም፤ ስለዚህም ያ ፓተንት አንድ ወጥ ሊሆን አይችልም። ትንሺቱ ደሴት የቀሩትን አገሮች በር ትዘጋለች ማለት ነው።

ክልከላው ፓተንቱን አይገድለውም። አደጋው ያለው በጊዜው ላይ ነው። ወኪሉ ጥያቄውን በሃያኛው ቀን አቀረበ እንበል። መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን እንዲያሟላ አንድ ወር ይሰጠዋል፤ ኋላም ይከለክለዋል፤ እርሱም በውሳኔው ላይ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሦስቱ ወር ማንንም ሳይጠብቅ ያልቃል። ያን ጊዜ ወደየአገሩ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ይህን ተመልክተው ከክልከላው በኋላ አዲስ ጊዜ የሚሰጥ ድንጋጌ በሕጋቸው ያስገቡ አገሮች አሉ፤ ዳሩ ግን አቈጣጠሩ ከአገር አገር ይለያያል። በእኔ አስተያየት ወኪል የደንበኛውን መብት በዚህ መረብ ላይ ሊጥል አይገባውም። ጥርጣሬ ባለበት ጉዳይ ሁሉ አንድ ወጡን እየጠየቀ፣ ትርጉም በሚጠይቁት አገሮች ጎን ለጎን ያጽና። ጥያቄው ከተሳካ በተሳታፊዎቹ አገሮች የተደረገው ማጽናት እንዳልጸና ይቆጠራል፤ የሚጠፋው ለትርጉምና ለክፍያ የወጣው ገንዘብ ብቻ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወግ የሚመስለው ባልደረባ ካለ ጤፋችንን ያስታውስ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2004 ገብቶ በ2007 የተሰጠው የአውሮፓ ፓተንት፣ በየአገሩ ከጸኑት አንዱ ነበር። በማመልከቻው ቀን ምክንያት፣ ዘግይቶ ቢሰጥ ኖሮ እንኳ በማልታ በር ላይ በቆመ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2018 የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ሲሽረው ደስታችን ታላቅ ነበር። ሆኖም የአውሮፓ የጋራ ፓተንት ፍርድ ቤት ገና ሥራ ባልጀመረበት በዚያን ጊዜ ፍርዱ የሚጸናው በኔዘርላንድ ምድር ብቻ ነበር። ፓተንቱን በሌሎቹ አገሮች ለማሻር የሚፈልግ ሁሉ በየአገሩ ዳኛ ፊት እንደገና መቆም ነበረበት።