አሮጌ የእጅ መሣሪያ ስለ መፈለግ



ከሰኞ እስከ ዓርብ ከፋይልና ከማኅተም ጋር የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ እጁ ሌላ ሥራ ቢናፍቅ የሚያስደንቅ አይደለም። በዛሬው ንግግሬ ለዚህ ናፍቆት ይስማማል ብዬ የማስበውን አንድ ሥራ አቀርብላችኋለሁ። ይኸውም መጋዝን፣ መላጊያን፣ መሮን፣ ሞርሳንና እነዚህን የመሳሰሉ አሮጌ የእጅ መሣሪያዎችን ከገበያ ፈልጎ መግዛትና እንደ ገና ወደ ሥራ መመለስ ነው። ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ትዕግሥትና ዓይን ግን ይጠይቃል። ደግሞም የሚያስቸኩል ነገር አለበት፤ እርሱን ጥቂት ቆይቼ እገልጸዋለሁ።

በአዲስ አበባ ይህን የሚፈልግ ሰው መንገድ መጠየቅ አያሻውም። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ገዢ ለሻጭ የሚያቀርበው የመጀመሪያው ቃል የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ያልተበተነ ሞተር፣ ያልተቀጠቀጠ በርሜል፣ ያልተቃና ምስማር የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። መርካቶ በዛሬው ቦታው የተተከለው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ገበያው ከአራዳ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ወራሪው ሲሄድ የመሣሪያዎቹን ስም ጥሎልን ሄዷል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ወናፍ ግን የራሳችን ናቸውና፣ ከጣልያን በፊት በሀገራችን ባለ እጅ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገጥማችሁ መልሱን ከእነዚህ ቃላት ያገኘዋል።

ለመሆኑ አሮጌው መሣሪያ እዚያ እንዴት ይደርሳል? በየመሥሪያ ቤታችሁ አንዲት መዶሻ እንኳ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆና ስሟ በመዝገብ ይጠበቃል። የግል አናጢ ሣጥን ግን መዝገብ የለውም። አናጢው ሲሞት ሣጥኑ ለጥቂት ዓመታት ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ልጆቹ ተምረው ቢሮ ገብተዋል። ቤት ሲፈርስ ወይም ሲለወጥ ሣጥኑ ቦታ አጣበበ ይባልና፣ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ይጠራል። ይህ ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው በፍጥነት ሲነገር ያጠረ ነው ይባላል። ሰውየውም መሮውን፣ መላጊያውን፣ የተሰነጠቀውን ድስትና የዛገውን የአልጋ እግር በአንድ ላይ አድርጎ በኪሎ ይገዛል። ዋጋው የክብደት ዋጋ ነው።

ያስቸኩላል ያልኳችሁ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ለመሣሪያው ሁለት ዕድል ብቻ ቀርቶለታል። ወይ የሚያውቀው ሰው ከክምሩ መካከል ለይቶ ያነሣዋል፤ ወይም ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር በመኪና ተጭኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄድና የፎቅ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ፌሮ ለሀገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በጥንቃቄ ግሎ በጥንቃቄ የቀዘቀዘ፣ በአንድ ሰው እጅ ሠላሳ ዓመት የተሳለ ዐረብ ብረት አንድ ጊዜ ከድስቱ ጋር ከቀለጠ በኋላ፣ መሮ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

በኪሎ መሸጡ የድኅነት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አልስማማም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ኀፍረቱን ግን ከየቤቱ ጨርሶ ለማውጣት አልቻለም። አባቱ ቀጥቃጭ እንደ ነበረ ለመናገር የሚያፍር ልጅ የአባቱን መዶሻ አስቀምጦ ለልጁ አያሳይም። ቆራሌው ሲመጣ ቶሎ ብሎ የሚያወጣውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ገበያው ውስጥ ገብተናል እንበል። መሮ ስታነሡ ከዝገቱ አስቀድማችሁ የቀረለትን ርዝመት ተመልከቱ። ስለት በተሳለ ቁጥር ያጥራልና፣ ጉቶ ብቻ የቀረው መሮ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ሥራውን ጨርሷል። ዝገቱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩና ዱቄት የሚመስለው ከላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ በነጭ ጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጥቁሩ፣ ብረቱን እንደ ፈንጣጣ የበሳሳው ግን ወደ ውስጥ ዘልቋል። ይህ ዓይነቱ በጠፍጣፋው ጀርባ በኩል እስከ ስለቱ የደረሰ እንደ ሆነ ተዉት፤ ብትስሉትም ስለቱ ሁልጊዜ የተሸራረፈ ይሆናል። ከስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ደግሞ አንድ ችኩል ሰው በኤሌክትሪክ መሞረጃ አግሎት ጥንካሬውን አጥፍቶበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው፣ ርዝመት ካለው፣ ሰማያዊው ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ውሃ እየተነከረ ቀስ ተብሎ ቢሞረድ ይድናል። የቀረውን ለመመርመር ትንሽ ሞረድ በኪሳችሁ ያዙ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በስለቱ ማዕዘን ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ከነከሰ ለስላሳ ነው። እጀታው መሰንጠቁ አያስጨንቃችሁ፤ ወይራ ባለበት ሀገር እጀታ አይታጣም።

መላጊያ የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል። የብረቱ መላጊያ አካል በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለ ሆነ፣ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል እንጂ አይጎብጥም። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፍቅፋቂው በሚወጣበት አፍ ዙሪያ ነው፤ ቅባትና አቧራ ስለሚሸፍነው በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩ። ከቢሮ የለመዳችሁትን የብረት ማስመሪያ በሆዱ ላይ በጠርዙ አቁማችሁ ወደ ብርሃን ብታነሡት፣ በመካከሉ የሚያልፈው ብርሃን ጉብጠቱን ይነግራችኋል። ከምላጩ በስተኋላ ያለችው ተሽከርካሪ የናስ ብሎን መዞር አለባት። ይህን አሠራር የፈለሰፈው ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስታንሌይ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1869 መብቱን ገዝቶ በዓለም አሰራጭቶታል። ሌሎች ፋብሪካዎችም ስለ ተከተሉት ስሙ ሌላ የሆነ መላጊያ ብታገኙ አትናቁት። በጥንቱ የእንጨት መላጊያ ውስጥ የሚገኘው ምላጭ ደግሞ ልዩ ነገር አለው። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ብትወለውሉት አንዳንድ ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያል፤ ስስ ዐረብ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ በእሳት ተጣብቆ የተሠራ መሆኑን ያስረዳል። ዐረብ ብረት ውድ በነበረበት ዘመን ስለቱ ላይ ብቻ ያውሉት ነበርና።

መጋዝን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ከእጀታው እስከ ጫፉ በአንድ ዓይን ተመልከቱት። ረጋ ያለ ጉብጠት ሊቃና ይችላል፤ እንደ ታጠፈ ወረቀት ስብራት ያለበትን ግን ባለሙያም በጭንቅ ነው የሚመልሰው። የጎደለ ጥርስ አንድ ሁለት ቢሆን ግድ የለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1840 በፊላደልፊያ ሥራ ከጀመረው ከሄንሪ ዲስተን ፋብሪካ የወጣ መጋዝ ከሆነ፣ በእጀታው ላይ ያለችው ክብ የናስ ምልክት ዘመኑን ለሚያውቁ ትናገራለችና አትፍቋት። ስለ መዶሻ ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ራሱ ካልተሸራረፈ መዶሻ መዶሻ ነው።

ሰነድ ማንበብ የለመደ ሰው በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ብልጫ አለው፤ መሣሪያም ማኅተም አለበትና። «ካስት ስቲል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታተመበት የእንግሊዝ መሮ የሼፊልድን ታሪክ ይዟል። በዚያ ከተማ አጠገብ ቤንጃሚን ሐንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1740ዎቹ፣ ለሰዓቱ ሞላ የሚስማማ ብረት ሲፈልግ ዐረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አጥርቶ ማቅለጥን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ የጥራት ምስክር ሆኖ በመሣሪያ ላይ ይታተም ጀመር። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ያየ ሰው መሣሪያው ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት፣ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ፣ እንደ ተሠራ ያውቃል። የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ደግሞ ዋጋው በሩብልና በኮፔክ ብረቱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ መንግሥት ዋጋን እንዲህ በብረት ላይ ጽፎት ሳለ ራሱ በ1991 ፈርሷል። ሦስት መስመር ያላት የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት ብታዩ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር መግባቱን ለሚያስታውስ ሰው ይህች ምልክት በአዲስ አበባ መገኘቷ እንግዳ አትሆንም።

የሀገራችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ያወጣው መጥረቢያ ግን ምንም ማኅተም የለበትም። ሰብሳቢ ነኝ ባዩ ሁሉ የውጭ ስም ሲፈልግ ይህን ረግጦት ያልፋል። በእኔ አስተያየት ብዙ ጊዜ ከክምሩ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። የባሌስትራ ብረት ጠንካራና ታጋሽ ስለ ሆነ፣ በሚያውቅ እጅ ከተቀጠቀጠና ውሃውን በልክ ከጠጣ ከውጭው አያንስም። የመዶሻው ምት በአንገቱ ላይ እስከ አሁን ይቆጠራል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሠራተኛው አናጢ ብዙ ጊዜ ስሙን ወይም አንድ ምልክት በእጀታው ላይ ይቀርጻል። በቅርቡ የተፋቀ ምልክት ያለበት፣ ስለቱ ትናንት የተሳለ፣ ዋጋውም ከልክ በላይ የረከሰ መሣሪያ ሲቀርብላችሁ ጠርጥሩ፤ የሞተ ሰው ሣጥን ሳይሆን በሕይወት ያለ ሰው እንጀራ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ሕጉ ባይኖርስ? መጋዙን የተሰረቀ አናጢ በማግሥቱ ሥራ አይወጣም። ስለዚህ ሻጩን ከየት እንዳገኘው በትሕትና ጠይቁት። የሟች ቤተ ሰብ ዕቃ መሆኑን ከነገራችሁም የሟቹን ስም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ስሙን ጽፋችሁ ከመሣሪያው ጋር አስቀምጡ።

ዘመድ በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ በር አላችሁ። በዚያ ሀገር ቤተ ሰብ ቤት ሲለውጥ ወይም አዛውንት ሲሞት ዕቃውን በገዛ ደጁ ዘርግቶ የሚሸጥበት ልማድ አለ፤ ጋራዥ ሴል ይሉታል። ጋራዥ ሲባል መካኒክ የሚውልበት አይምሰላችሁ፤ የመኪና ማደሪያውን ክፍል ነው። ፈረንሳዮችም የአሮጌ ዕቃ ገበያቸውን «የቁንጫ ገበያ» ብለው ሰይመውታል፤ ለገዢ የሚጋብዝ ስም ባይሆንም ሰው ግን አይጠፋበትም። ዘመዳችሁ ምን ላምጣላችሁ ብሎ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ ስልክና ሽቱ ማለቱን ትታችሁ ቁጥር 4 የስታንሌይ መላጊያ በሉት። ርዝመቱ 24 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ምላጩም 5 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ከሌሎቹ ሁሉ በብዛት የተሠራው እርሱ ስለ ሆነ ለማግኘት አያስቸግርም። በእጅ ቦርሳ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ እንዳይገባ ግን አስጠንቅቁት፤ ሻንጣው ውስጥ ይክተተው።

የገዛችሁትን ወደ ቤት ስትወስዱ እንደ ብር ዕቃ ለማስመሰል አትድከሙ። በነጭ ጋዝ አሳድራችሁ ዝገቱን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አንሡ፤ ማኅተሙ ያለበትን ቦታ ዝለሉት። የጸናውን ዝገት ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር ያለቅቀዋል፤ ሲወጣ ግን በውሃ በሚገባ ታጥቦ ወዲያው መድረቅና ዘይት መቀባት አለበት፤ ያለዚያ በማግሥቱ እንደ ገና ይቀላል። ጀርባውን በጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይ ላይ አስተካክሉ፤ ከዚያም ስለቱን። ለእንጨቱ እጀታ ከሀገራችን የተልባ ዘይት የተሻለ አልመክራችሁም፤ በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።