የባሌን ተራሮች በእግር፦ ስንቅ፣ አሚርና ነፍስ

 

በዛሬው ዝግጅታችን ለቀናት በእግር ስለሚደረግ የተራራ ጉዞ እንነጋገራለን። በየቤታችን ወጣቶች «ተራራ ልንሄድ ነው» ሲሉ፣ ወላጆች ደግሞ «ምን ጎድሏችሁ ነው ብርድ ፍለጋ የምትሄዱት?» ሲሉ እንሰማለን። የሁለቱም ወገን ሐሳብ እውነት አለው። ጉዞው ብዙ ያስተምራል፤ ሳያውቁ ለገቡበት ደግሞ ነፍስ ያሳጣል። ስለዚህ አገሩንም አደጋውንም አብረን እንይ።

ለምሳሌ የምንወስደው የባሌን ተራሮች ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ዲንሾ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከዚያ በዌብ ሸለቆ ተጉዘው ሽቅብ የሚወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ 4000 ሜትር ከፍታ ያለው የሳነቲ አምባ ላይ ይደርሳሉ። በአምባው ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ሲሆን፣ በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

መንገዱ ከጽድና ከኮሶ ዛፎች ተነስቶ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ያልፍና ጅብራ ብቻ ቆሞ ወደሚታይበት ሜዳ ያወጣል። በዲንሾ አካባቢ የደጋ አጋዘን ይታያል። ከፍ ሲባል ደግሞ ፍልፈል የሚያድነው ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው። በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ውሻ ይዞ መሄድ የለበትም።

የሰው ልጅም እዚያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ 3470 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለው ፊንጫ ሐበራ በተባለ የአለት መጠለያ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ይኖሩበት ነበር። እሳት ያነዱ ነበር፣ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ በሸለቆው የምናገኛቸው የኦሮሞ እረኞች ናቸው። ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ እያወጡና እያወረዱ ግጦሽና ሆራ ያጠጣሉ፤ ይህን ሥርዓት ጎዳንቱ ይሉታል። በአብዛኛው ሙስሊሞች በመሆናቸው እንግዳው በሰላምታ ብቻ ቤተኛ ይሆናል።

ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳው የዌብ ወንዝ ወደ ቆላው ወርዶ በሼኽ ሶፍ ኡመር ስም በሚጠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዚያም ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ሆኖ ወደ ሶማሊያ ይፈሳል። እላይ ምንጩን ያቆሸሸ ሰው እታች የማያውቀውን ወንድሙን ውሃ እንዳቆሸሸ ይወቅ። ቆሻሻን በከረጢት ይዞ መመለስ፣ ለመጸዳዳትም ከውሃ ራቅ ማለት የጉዞው አደብ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአንድ የበጋ ወቅት ስድስት ሆነን ከዲንሾ ተነስተን ነበር። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አጎታችን ነበሩ። ታናሻችን ደግሞ በጤና ሙያ የተመረቀ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋልና፣ እኛም ስለ ጤና የሚያውቀውን ታናሻችንን አሚር አደረግን። አጎታችንም ፈገግ ብለው ተስማሙ።

ሁለቱ ቀናት በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ቀን ወደ 4000 ሜትር ተጠጋን። ማታ አጎታችን ራሳቸውን አመማቸው፤ እህል አልቀምስም አሉ። ሌሊት አስመለሳቸው። ፈጅር ላይ ለውዱእ ሲነሱ እንደሚንገዳገዱ አየን። አሚራችን በመስመር ቀጥ ብለው እንዲራመዱ ለመናቸው፤ አልቻሉም። ያን ጊዜ ፈረሱን ያስጭን ጀመር።

«ጋሼ፣ እንወርዳለን» አላቸው።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ነው የቀረን። እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እኮ ነው ያሰብኩት» አሉት።

«አንድ ሰዓትም ቢሆን ሽቅብ አንሄድም። እርስዎን እዚህ አስተኝቶ መቆየትም አይሆንም» አላቸው።

ዝምታ ሆነ። ታላቅን እንቢ ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኛም አንዱ «እርሳቸው ከባለ ፈረሱ ጋር ይውረዱ፣ እኛ እንቀጥል» ሲል፣ አሚሩ «አብረን ወጥተናል፣ አብረን እንወርዳለን» አለ። አጎታችን ቅር ብሏቸው ፈረሱ ላይ ተቀመጡ፤ በሁለት በኩል ደግፈናቸው ወደ ሸለቆው ወረድን። ዐስር ላይ የገብስ ሾርባ ጠጡ። መግሪብ ላይ ያለ ድጋፍ ቆመው ሰገዱ። አልሐምዱሊላህ። ቱሉ ዲምቱን ግን ማናችንም አላየነውም።

ምክንያቱን እናስረዳ። በ4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማዞር የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ እስኪሻል ድረስ ከፍታ አይጨመርም። መንገዳገድ፣ የሐሳብ መዘበራረቅ ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ወደ አንጎል ወይም ወደ ሳንባ የደረሰ አደጋ ነውና ወዲያውኑ መውረድ ግዴታ ነው። ጉልበተኛ ወጣት መሆንም ከዚህ አያድንም። መከላከያው ቀስ ማለት ነው፦ ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ።

ስለ ዝግጅትም ጥቂት እንበል። ተስማሚው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወፍራም ልብስ፣ የዝናብ ልብስና ደህና ጫማ ያስፈልጋል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ከማናቸውም የታሸገ ምግብ አያንሱም። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። መንገድ መሪና ባለ ፈረስ ከአካባቢው ሰዎች ያዙ። የጸጥታውንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሩ።

ሶላትን በተመለከተ አላህ ለመንገደኛ አቅልሎለታል፤ ባለ አራት ረከዓው ወደ ሁለት ያጥራል። ዝርዝሩን ከዓሊሞቻችሁ ጠይቁ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በከባድ ብርድ ሌሊት ገላቸውን ቢታጠቡ እንዳይሞቱ ፈርተው በተየሙም አሰግደው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ፈገግ እንዳሉላቸው ተዘግቧል። ቂብላውም ለባሌ ተጓዥ እጅግ ቀላል ነው። ቱሉ ዲምቱና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ፣ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ይገኛሉ። ኮምፓስ የያዘ ሰው ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በቃ።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት «አሚራችሁ ማነው? ከታመማችሁ በየት በኩል ትወርዳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ካላቸው ዱዓ አድርጋችሁ ሸኟቸው። እናንተም ወጣቶች፣ ተራራው ነገም እዚያው አለና ውረዱ የተባላችሁ ጊዜ ሳትከራከሩ ውረዱ።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።