አበባ በማዕዳችን፦ ከደባርቅና ከዳባት ጓሮ እስከ ስሜን ግርጌ



በአገራችን ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ፤ የአበባ ወራት ማለት ነው። በዚህ ወቅት የፈቃድ ጾም የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው። ሜዳው በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ማዕዳችን ግን ከሽሮና ከጎመን እምብዛም አይርቅም። ከዚህ በመነሣት ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ከዚህ ሁሉ አበባ የሚበላው የትኛው ነው? እንዴትስ ይበላል?

ችግር ባልራቀው አካባቢ ስለ አበባ መናገር ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። አበባ ረሃብን አያስታግሥም፤ የባቄላንም የጎመንንም ቦታ አይተካም። ነገር ግን ሳይለቀም የሚረግፈውን ወደ ድስት መመለስ፣ የምንለቅመውንም ሳናጠፋ መልቀም ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። አበባ መብላት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እንቡጥ ነው። አበባ ጎመንን ስሙ ራሱ ይናገርለታል። በበርበሬና በሽሮ ዝግጅት የሚገባው በሶብላም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርቀው ከነአበባው ዘለላ ነው። ስለዚህ አበባ በላተኞች ነን፤ ስም አልሰጠነውም እንጂ።

ከጓሮ ብንጀምር የመጀመሪያው ዱባ ነው። የዱባ ሐረግ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው ቀጥ ባለ ቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አላት። ወንዴዎቹ ቀድመው ይወጣሉ፣ በቁጥርም ይበዛሉ። ስለዚህ ለንቦች ጥቂት ወንዴዎችን ትቶ የቀሩትን መልቀም ምርት አይቀንስም። በማለዳ፣ ገና እንደተከፈቱ ይለቀማሉ፤ ውስጣቸው ነፍሳት እንዳይኖር ይታያል፤ መካከለኛው ዘንግ ወጥቶ ይታጠባሉ። ከዚያ ወይ ተከትፈው ሽሮው ሊወጣ ሲል ይጨመራሉ፣ ወይም በውሃ በተበጠበጠ የሽምብራ ዱቄት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተነክረው በዘይት ይጠበሳሉ። ሜክሲኮዎችና ጣልያኖች ይህን አበባ በገበያ ይሸጡታል፤ እኛ ዘንድ በሐረጉ ላይ ይጠወልጋል።

ሁለተኛው ጎመንዘር ነው። ይህ ተክል የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው። ቅጠሉ ካለቀ በኋላ አገዳው ሲረዝም ብዙዎቻችን ጊዜው አለፈ እንላለን። ሆኖም ቢጫው አበባ ከመፈንዳቱ በፊት እንቡጡና ለስላሳው ጫፍ ተቀንጥሶ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለጥቂት ደቂቃ ቢበስል ጥሩ ወጥ ይሆናል። ለዘር የሚፈለገውን ግን አትንኩት።

ሦስተኛው ሱፍ ነው። ፍሬውን ለፍትፍት እናውቀዋለን። ብርቱካንማው አበባ ሲጠወልግ ቢለቀም ፍሬው አይጎዳም። በጥላ ደርቆ ሩዝን ወይም ቂንጬን ያቀልማል።

በአንጻሩ የባቄላና የአተር አበባ ቢበላም እኔ ለቅሙ አልልም። እያንዳንዱ አበባ ነገ እሸት ሊሆን የሚችል ነውና።

አሁን ወደ ጦስኝ ልምጣ። ስለ እርሱ ስናገር ልጅነቴ ይመጣብኛል። አንድ ቀን ከዳባት በላይ ካለው ተረተር ጦስኝ እጄ እስኪሞላ ነቅዬ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ሥሩን አይታ ዝም አለች፤ ቆይታም «ልጄ፣ ከነሥሩ ነቀልኸው? ለከርሞ ምን ልንለቅም ነው?» አለችኝ። በዕፅዋት ጥበቃ ላይ የሰማሁት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር።

በደጋችን የሚበቅለው ጦስኝ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ የዊልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል፤ ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በስሜንም ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ዐርፏል። ሐምራዊ አበባው ከነቅጠሉ ደርቆ ሻይ ይሆናል፣ ሽሮና በርበሬም ውስጥ ይገባል። በገበያ ግን ዛሬም ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ አያለሁ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የላይኛው ጫፍ በቢላዋ ይቆረጥ፤ ጥቂቱ ዘር እንዲጥል ይተው፤ ቁራጩም በጓሮ ተተክሎ ይጽደቅ። ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ግን ምንም አይለቀም። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቶ የወጣ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር ብቀመጥ ግን ተሳስቻለሁ። አበባ ሁሉ ምግብ አይደለም። ኮሶ የምንለው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስም በጉዞ መጽሐፉ ገልጾታል። ኮሶ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም፤ መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃንን እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በቆሻሻ መድፊያ የሚበቅለው አስተናግር ነጭ መለከት መሳይ አበባ አለው፤ መርዝ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ጽጌረዳም ለጌጥ ተብሎ በኬሚካል የተረጨ ስለሆነ አይበላም።

እንግዲህ ከመልቀማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በስሙ አውቀዋለሁ? መድኃኒት ተረጭቶበታል? ይህን ስለቅም ነገ ምን ይጎድላል? የመጀመሪያውን ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ፣ ሁለተኛውን ከባለ ማሳው ትሰማላችሁ። ሦስተኛውን ግን ለራሳችሁ መመለስ አለባችሁ።

ተማሪዎቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ እናቶቻችሁ የሚያውቁትን የሚበላ አበባ ስም፣ የሚለቀምበትን ወርና አዘገጃጀቱን ጽፋችሁ አምጡልኝ። እናቴ ካለፈች በኋላ ልጠይቃት የሚገባኝን ብዙ ነገር አስታወስሁ፤ እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።